የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የረፋድ ገበታ፤ የዶሮ ቢስኪት ሳንድዊችና ግሪትስ በቤት ውስጥ እንዴት ይዘጋጃል?

እሑድ ረፋድ ላይ በአትላንታ፣ በናሽቪል ወይም በቻርልስተን ካሉት ቀለል ያሉ የሠፈር ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ የገባ ሰው፣ ከወጥ ቤቱ ሲወጣ የሚያየው ሳህን አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ለሁለት በተከፈለ ትኩስ ቢስኪት መካከል የገባ የተጠበሰ ዶሮ፣ ከጎኑ የበቆሎ ቅንጬ የሚመስለው፣ ቅቤ የቀለጠበት ግሪትስ፣ እንዲሁም ፒሜንቶ ቺዝ የሚባለው በማዮኔዝና በቀይ ቃሪያ የተዋሐደ አይብ። ቁርስንና ምሳን አንድ የሚያደርገውን ይህን ገበታ አሜሪካውያን ብራንች ይሉታል፤ እኛ «ረፋድ» የሚል መልካም ቃል ስላለን እዚህ የረፋድ ገበታ እለዋለሁ። ቢስኪት ስል ግን ከሻይ ጋር የሚበላውን ደረቅ ብስኩት ማለቴ አይደለም። በደቡቡ ቢስኪት ማለት ያለ እርሾ የሚነፋ፣ ውስጡ በስስ ንብርብር የሚላቀቅ ለስላሳ ትንሽ ዳቦ ነው።

ይህን ገበታ ለስድስት ሰው በቤት ውስጥ ለማቅረብ የሚያስቸግረው ቅመሙ አይደለም፤ ቅመሙ ከእኛ ወጥ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። የሚያስቸግረው ሙቀቱና ሰዓቱ ነው። የቢስኪቱ ቅቤ ኦቭን እስኪገባ ድረስ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፣ ዘይቱ ከተወሰነ ሙቀት በታች መውረድ የለበትም፣ ግሪትሱ ደግሞ ቢቸኩሉበት አይበስልም፤ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ገበታ ላይ መድረስ ይኖርባቸዋል። ስለዚህ መመሪያው የሚጀምረው ቅዳሜ ምሽት ነው።

ዶሮና ቢስኪት የተጣመሩት በዛሬዎቹ ምግብ ቤቶች እንዳልሆነ አንባቢው እንዲያውቅ እወዳለሁ። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በቨርጂኒያ፣ ጎርደንስቪል በምትባል የባቡር መገናኛ ከተማ፣ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች የጠበሱትን ዶሮና የጋገሩትን ቢስኪት በትሪ በራሳቸው ተሸክመው በባቡሩ መስኮት በኩል ለተጓዦች ይሸጡ ነበር፤ በዚያ ገቢ ቤት የገዙም ነበሩባቸው። ረፋድ ላይ ጠግቦ የመብላቱ ልማድም በኒው ኦርሊንስ የቆየ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ማዳም ቤጌ የምትባል ጀርመን የተወለደች ወጥ ሠሪ፣ ሌሊት ሥራ ጀምረው ረፋድ ላይ ለሚርባቸው የገበያው ሥጋ ሻጮች በ5 ሰዓት ትልቅ ሁለተኛ ቁርስ ታቀርብ ነበር። ምግቡ የሠራተኛ ሰው ምግብ ነው፤ ስለዚህም ሊያጠግብ ይገባዋል።

ስለ ዱቄት

የቢስኪት ግማሽ ዕድል የሚወሰነው ዱቄት ሲገዛ ነው። በደቡቡ ግዛቶች የሚመረጠው ከለስላሳ የክረምት ስንዴ የሚፈጭ ዱቄት ነው፤ በ1883 ቴነሲ፣ ኖክስቪል ውስጥ የተመሠረተው ዋይት ሊሊ ስሙ የገነነው በዚህ ነው። ለስላሳው ዱቄት ከመቶ 8 ወይም 9 ያህል ፕሮቲን ሲኖረው፣ የዳቦ ዱቄት ግን 12 እና ከዚያ በላይ አለው። ፕሮቲኑ በበዛ ቁጥር ሊጡ ይለጠጣል፤ መለጠጥ ለዳቦ መልካም ሆኖ ሳለ ቢስኪትን ያጠነክረዋል። ለስላሳ ዱቄት ያላገኘ ሰው ከ350 ግራም ተራ ነጭ ዱቄት ላይ 45 ግራም ያህል ቀንሶ በምትኩ የበቆሎ ስታርች ቢጨምር ተቀራራቢ ውጤት ያገኛል። ዱቄቱ «ሰልፍ ራይዚንግ» የሚል ጽሑፍ ካለበት ቤኪንግ ፓውደርና ጨው አስቀድሞ ገብቶበታልና ከዚህ በታች የተጠቀሱትን አይጨምሩበት።

ሌላው ዋና ነገር በእንግሊዝኛ በተርሚልክ የሚባለው ነው፤ ይህ የእኛ አሬራ የቅርብ ዘመድ ነው። በአሜሪካ መደብሮች የሚሸጠው ወተትን በባክቴሪያ በማርጋት ስለሚዘጋጅ ቅቤ ተንጦ ከሚቀረው አሬራ ይወፍራል፤ የሁለቱም ጥቅም ግን በኮምጣጣነታቸው ላይ ነው። ኮምጣጣነቱ ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ተዋሕዶ ቢስኪቱን ይነፋል፣ የዶሮውንም ሥጋ ያለሰልሳል። አሬራ ያለው በአሬራ ይሥራ። የሌለው ሦስት እጅ እርጎ በአንድ እጅ ውኃ ያቅጥን።

ቅዳሜ ምሽት

ዶሮ። ስድስት አጥንት የሌላቸው የዶሮ ጭኖች፣ በድምሩ ከ800 እስከ 900 ግራም የሚሆኑ፣ ያዘጋጁ። የደረት ሥጋ ሳንድዊች ውስጥ የተስተካከለ ቅርጽ ይኖረዋል፤ ነገር ግን ሁለት ደቂቃ ቢያልፍበት ይደርቃል፤ ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው ጭኑን እመርጣለሁ።

እዚህ ላይ በቤታችን ከሚነሳው ጥያቄ መሸሽ አይቻልም፤ ዶሮው ይታጠባል ወይስ አይታጠብም? የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ጥሬ ዶሮን ማጠብን አይመክርም፤ ምክንያቱም የሚረጨው ውኃ ባክቴሪያውን ወደ ማጠቢያው፣ ወደ ዕቃውና ወደ ሰላጣው ያደርሰዋል፣ ባክቴሪያውን የሚገድለውም እሳት እንጂ ውኃ አይደለም። ዶሮን በሎሚና በጨው ደጋግሞ አጥቦ ለማያውቅ ሰው ይህ ምክር ቀላል ነው፤ ለእኛ ግን ዶሮ ማጠብ የንጽሕና ብቻ ሳይሆን የባለሙያነት መለኪያ ሆኖ የኖረ ነገር ነው። የግድ የሚያጥብ ሰው የሚፈስስ ውኃ ሥር ሳይሆን በጥልቅ ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ፣ ሳይረጭ፣ በአካባቢው ሌላ ምግብ ሳይኖር ያጥብ፤ ከዚያም ማጠቢያውንና ጠረጴዛውን በሳሙናና በበረኪና ያጽዳ። በሁለቱም መንገድ ዶሮው በወረቀት ፎጣ በደንብ መድረቅ አለበት፤ ውኃ ያዘለ ዶሮ አሬራውን ያቀጥነዋል።

500 ሚሊ ሊትር አሬራ ወይም በተርሚልክ ውስጥ 12 ግራም ጨው፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬና አንድ የሾርባ ማንኪያ የቃሪያ ሶስ ያዋሕዱ። ከቃሪያ ሶሱ ይልቅ ሚጥሚጣ ቢወድዱ ሚጥሚጣው ራሱ ጨው ስላለበት ጨውን ትንሽ ይቀንሱ። ዶሮውን ዘፍዝፈው ከድነው ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩ። ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይበቃዋል፤ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ የሥጋው ገጽ ይልማል።

ፒሜንቶ ቺዝ። ይህም በማደሩ ይጣፍጣል። 250 ግራም የበሰለ፣ ጠንከር ያለ ጣዕም ያለው የቼዳር አይብ በእጅዎ ይፈቅፍቁ፤ ተፈቅፍቆ በከረጢት የሚሸጠው እንዳይጣበቅ በስታርች የተነሰነሰ ስለሆነ ከማዮኔዙ ጋር በደንብ አይዋሐድም። 80 ግራም ማዮኔዝ፣ ፈሳሹ የተጠለለ 110 ግራም ያህል ፒሜንቶ የተባለው ጣፋጭ ቀይ ቃሪያና ቁንጥር ሚጥሚጣ ይጨምሩና በሹካ ያዋሕዱ። በማሽን አይፍጩት፤ አይቡ በጥርስ መገኘት አለበት። በደቡቡ ሰዎች ለዚህ የሚመርጡት ዱክስ የተባለውን ስኳር የሌለበት ማዮኔዝ ነው። ታሪኩም ከሳንድዊች አይርቅም፤ ዩጂኒያ ዱክ የተባለች የደቡብ ካሮላይና፣ የግሪንቪል ሴት በ1917 በአቅራቢያዋ በነበረው ካምፕ ሴቪየር ለሠፈሩ ወታደሮች ሳንድዊች ትሸጥ ነበር፤ ማዮኔዟ ከሳንድዊቹ በላይ ስለተወደደ በኋላ ለብቻው መሸጥ ጀመረች።

ኪያር። አንድ ኪያር በስሱ ይክተፉ። አንድ ኩባያ ኮምጣጤ፣ ግማሽ ኩባያ ውኃ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳርና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አፍልተው ያፍስሱበት፤ ሲቀዘቅዝ ፍሪጅ ያስገቡት። 115 ግራም የገበታ ቅቤም በዚሁ ምሽት ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡ። ጨው የሌለበት፣ ያልተነጠረ ቅቤ መሆን አለበት፤ የተነጠረ ቅቤ ውኃው ስለወጣለት ኦቭን ውስጥ እንፋሎት ሠርቶ ንብርብሩን ሊያነሣ አይችልም።

እሑድ ጠዋት፤ ግሪትስ ከሁሉ ይቀድማል

ገበታው በ5 ሰዓት እንዲቀርብ ከተፈለገ ግሪትሱ በ3 ሰዓት ተኩል እሳት ላይ ይወጣል። ግሪትስ በሻካራው የተሰበረ በቆሎ ነው፤ የበቆሎ ቅንጬ በልቶ ያደገ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። አሜሪካውያን የተማሩት ከአገሩ ነባር ሕዝቦች ሲሆን፣ የጆርጂያ ግዛት በ2002 ይፋዊ የበሰለ ምግቧ አድርጋ ሰይማዋለች። መደብር ውስጥ ሦስት ዓይነት ይገኛል። በድንጋይ ወፍጮ የተፈጨውን ይግዙ፤ በ5 ደቂቃ የሚደርሰው ለሥራ ቀን ያገለግላል፤ የፈላ ውኃ ብቻ የሚፈስስበትን ግን ለዚህ ገበታ አልመክርም፤ የበቆሎው ጣዕም የለበትም።

200 ግራም ግሪትስ በሰፊ ዕቃ ውስጥ በ1.2 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ያማስሉና ለሁለት ደቂቃ ይተዉት። ገለባው ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ በማንኪያ ይግፈፉት። ከዚያ ከነውኃው ወደ ወፍራም ድስት ገልብጠው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ጨው ጨምረው፣ በመካከለኛ እሳት ሳያቋርጡ እያማሰሉ መወፈር እስኪጀምር ይጠብቁ። ጨው በመጨረሻ ከገባ ላይ ላዩን ይቀራል እንጂ ፍሬው ውስጥ አይገባም። አሁን እሳቱን ዝቅተኛው ላይ አድርገው ይክደኑትና በየአምስት ደቂቃው የድስቱን ግርጌ እየፋቁ ያማስሉት። ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ከደረቀ የፈላ ውኃ በጭልፋ ይጨምሩ። መድረሱን የሚያውቁት በመወፈሩ አይደለም፤ ከመብሰሉ አስቀድሞ ይወፍራልና። አንድ ማንኪያ ቀምሰው ከጥርስ በታች አሸዋ የመሰለ ነገር ካልተሰማዎት ደርሷል። 50 ግራም ቅቤ፣ ከወደዱም አንድ እፍኝ ቼዳር ጨምረው ከድነው ይተዉት።

ዶሮውን መለወስ

ግሪትሱ እየተንተከተከ ሳለ፣ በ3 ሰዓት ከ40 ዶሮውን ከፍሪጅ ያውጡ። በሰፊ ትሪ ላይ 300 ግራም ዱቄት፣ 60 ግራም የበቆሎ ስታርች፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፓፕሪካ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ለሚያቃጥለው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ ያዋሕዱ። ዶሮው ካደረበት አሬራ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ወስደው በዱቄቱ ላይ ያንጠባጥቡና በጣትዎ እየፈተፈቱ ጓል ጓል ያድርጉት። በምግብ ቤት የምናየው ሸካራና ተሰባሪ ቅርፊት የሚመጣው ከዚህ ጓል ነው። ጭኖቹን አንድ በአንድ ከአሬራው አንሥተው፣ ሳያራግፉ፣ ዱቄቱ ውስጥ አስተኝተው በመዳፍዎ ጫን ብለው ይጫኑ፤ ገልብጠው ይድገሙ። በሽቦ መደርደሪያ ላይ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ይረፉ። ይህን ዕረፍት የዘለለ ሰው ቅርፊቱ ዘይት ውስጥ ተላቅቆ ሲቀር ያያል፤ ዱቄቱ እርጥበቱን ጠጥቶ ከሥጋው ጋር እንዲያያዝ ጊዜ ያስፈልገዋል።

ቢስኪት

ኦቭኑን በ230 ዲግሪ ሴልሲየስ፣ በፋረንሃይት 450፣ ያግሉት። በ4 ሰዓት 350 ግራም ዱቄት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ያዋሕዱ። ቨርጂኒያ ውስጥ ፍሪታውን በምትባል፣ ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች በመሠረቷት መንደር በ1916 የተወለደችው ስመ ጥር ወጥ ሠሪ ኤድና ሉዊስ፣ የገበያው ቤኪንግ ፓውደር የብረት ጣዕም አለው በማለት ሁለት እጅ ክሬም ኦፍ ታርታር የሚባለውን ኮምጣጣ ነጭ ዱቄት ከአንድ እጅ ሶዳ ጋር ቀላቅላ የራሷን ትሠራ ነበር፤ ልዩነቱን መቅመስ ለሚችል ሰው ልፋቱ ይገባዋል።

የበረደውን ቅቤ ከፍሪዘር አውጥተው በአይብ መፈቅፈቂያው ሻካራ በኩል ይፈቅፍቁትና ከዱቄቱ ጋር በሹካ ያማስሉ፤ የእጅ ሙቀት ያቀልጠዋልና አይሹት። መካከሉን ጎድጎድ አድርገው 250 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ አሬራ በአንድ ጊዜ ያፍስሱ። በሹካ 15 ጊዜ ያህል ብቻ ያማስሉ። ሊጡ ያልተዋሐደ፣ የተበጣጠሰ ይመስላል፤ እንደዚያ መሆን አለበት። ደረቅ ዱቄት ከሥሩ ከቀረ ብቻ ሁለት ሦስት ማንኪያ አሬራ ይጨምሩ።

ከሁሉም በላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ድፎ ሲደፋ ያየ እጅ ሊጥ ሲነካ ማሸት ይፈልጋል፤ እኔም የመጀመሪያዎቹን ቢስኪቶች እንደ ዳቦ አሽቼ፣ እንደ ድንጋይ የጠነከሩ ዝርግ ክቦች አወጣሁ። ማሸት የዱቄቱን ፕሮቲን ያስተሳስረዋል፣ ቅቤውንም ያቀልጠዋል። የሚፈለገው ማጠፍ ነው። ሊጡን ዱቄት በተነሰነሰበት ጠረጴዛ ላይ ገልብጠው በመዳፍዎ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት እስኪኖረው ጠፍጠፍ ያድርጉት፤ እንደ ደብዳቤ ሦስት እጥፍ አጥፈው እንደገና ይጠፍጥፉ፤ ይህን ሦስት ጊዜ ይድገሙ። እያንዳንዱ እጥፋት በቅቤ ቅንጣቶች የተለያዩ ንብርብሮችን ያበዛል፤ ኦቭን ውስጥ የቅቤው ውኃ እንፋሎት ሲሆን ንብርብሮቹን ወደ ላይ ያነሣቸዋል።

ዱቄት ባስነኩት፣ 7 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ መቁረጫ ወይም በስስ ብርጭቆ አፍ ቀጥ አድርገው ወደ ታች ይጫኑ። አይጠምዝዙ፤ መጠምዘዝ ጠርዙን አጣብቆ አንዱን ጎን ዝቅ ያደርገዋል። ስምንት ያህል ይወጣሉ። ሲጋገሩ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ እንዲያድጉ በትሪ ላይ እርስ በርሳቸው እየተነካኩ ይደርድሯቸው፤ ለ10 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አቆይተው በ4 ሰዓት ከ20 ገደማ ወደ ኦቭኑ ያስገቡ። ከ14 እስከ 17 ደቂቃ ውስጥ ላያቸው ወርቃማ ይሆናል። የቀለጠ ቅቤ ቀብተው በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኗቸው።

መጥበስ

ምግብ ቤት ሁለት ኦቭን አለው፤ ቤት ግን አንድ ብቻ ስለሆነ ቢስኪቱ የሚቀድመው ለዚህ ነው። ቢስኪቱ ሊወጣ ሲል ዘይቱ ይሞቃል፤ ከወጣ በኋላ የኦቭኑ በር ለጥቂት ጊዜ ተከፍቶ፣ ሙቀቱ ወደ 95 ዲግሪ ወርዶ፣ የመጀመሪያውን ዙር ዶሮ ይጠብቃል።

ከባድ የብረት መጥበሻ ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ዘይት ያድርጉ፤ ዘይቱ ከዕቃው ግማሽ አይለፍ። የለውዝ ዘይት በደቡቡ የተወደደ ነው፤ ለውዝ የማይስማማው እንግዳ መኖሩን ግን አስቀድመው ይጠይቁ። በቴርሞሜትር 175 ዲግሪ ሲደርስ ሦስት ጭኖች ያስገቡ። ስድስቱንም በአንድ ጊዜ ማስገባት ዘይቱን ያቀዘቅዘዋል፣ ዶሮውም ከመጠበስ ይልቅ ዘይት ይጠጣል። ሙቀቱ እንደሚወርድ የታወቀ ነው፤ በ160 አካባቢ እንዲቆይ እሳቱን ያስተካክሉ። አንድ ጊዜ እየገለበጡ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይጥበሱ። ቀለሙን ብቻ አይመኑ፤ ወፍራም በሆነው ክፍል ቴርሞሜትር ሲገባ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። በወረቀት ላይ ከተኛ ከታች በእንፋሎቱ ስለሚረጥብ በሽቦ መደርደሪያ ላይ ያንጠፍጥፉ። ዘይቱ 175 እስኪመለስ ጠብቀው ሁለተኛውን ዙር ይቀጥሉ። ድንገት ዘይቱ እሳት ቢይዝ ውኃ ፈጽሞ አያፍስሱ፤ ምድጃውን አጥፍተው በክዳን ይድፈኑት።

ሳንድዊቹን መገንባት

የጠበሱት ዶሮ ለሦስት ደቂቃ ይረፍ፤ ወዲያው ከተዘጋበት እንፋሎቱ ቢስኪቱን ያላሽቀዋል። ቢስኪቱን በቢላ ሳይሆን በጣት በንብርብሩ ላይ ይክፈቱት። በታችኛው ግማሽ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፒሜንቶ ቺዝ ይቀቡ፤ ስቡ ዳቦውን ከዶሮው ፈሳሽ ይጠብቀዋል። በላዩ ዶሮው፣ ከዚያ ሦስት ቁራጭ ኪያር፤ በመጨረሻም የላይኛውን ግማሽ ውስጠኛ ገጽ ትንሽ ሚጥሚጣ በተነሰነሰበት ሞቃት ማር ቀብተው ይክደኑ። ማሩን በቀጥታ በዶሮው ላይ ማፍሰስ የለፉበትን ቅርፊት ያለሰልሰዋል። ግሪትሱን አማስለው ከጎኑ ጨልፈው ወዲያው ያቅርቡ።

የናሽቪልን የሚያቃጥል ዶሮ የሚወድ ሰው ሚጥሚጣን ከጥቂት ትኩስ የመጥበሻ ዘይት ጋር በጥብጦ ዶሮውን መቀባት ይችላል፤ ያ ከተማ ያንን አሠራር ያገኘው ከ1930ዎቹ ጀምሮ የዶሮ ምግብ ቤት ካለው ከፕሪንስ ቤተሰብ ነው። በጾም ቀን ደግሞ ግሪትሱን በውኃና በዘይት ሠርቶ ከኮላርድ ጎመን ጋር ማቅረብ ይቻላል፤ ኮላርድ የደቡቡ ገበታ ዋና ቅጠል ከመሆኑም በላይ በአሜሪካ ያለን ብዙዎቻችን ጎመናችንን የምንሠራበት ነው።

አዲስ አበባ ለሚሠራ ሰው ከፍታው ሁሉንም ይነካል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ውኃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ግሪትሱ ተጨማሪ 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ጋዝ በቀላሉ ስለሚለጠጥ ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ይቀንሱ፣ አለዚያ ቢስኪቱ ፈጥኖ ተነፍቶ ይሰምጣል። የዘይቱንም ሙቀት 10 ዲግሪ ያህል ዝቅ ያድርጉ፤ የዶሮው ውስጥ ከመብሰሉ በፊት ቅርፊቱ እንዳይጠቁር። ግሪትስ ካልተገኘ ነጭ በቆሎ ወፍጮ ቤት እንደ ቅንጬ በሻካራው አስፈጭቶ፣ ዱቄቱን በወንፊት ነፍቶ ማውጣት ነው።

የተረፈው ግሪትስ ሙቅ ሳለ በቅቤ በተቀባ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ተዘርግቶ ፍሪጅ ይደር፤ ሰኞ ጠዋት በቢላ አራት ማዕዘን ተቆርጦ፣ ዱቄት ነክቶ፣ በጥቂት ቅቤ ሁለቱም ጎኑ እስኪቀላ ይጠበሳል፤ የተረፈ ፒሜንቶ ቺዝ ካለም በትኩሱ ላይ ይቀባል።